ሁለተኛው ዲስክ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለላቀው፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን፣ የተማሪዎችህን ደህንነትና የእናቴን ጉልበት እጠይቃለሁ። እኔ ከሐዘኑ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ሾፌሩ ካሣዬ ፒያሳ ድረስ ይዞልኝ መጣ። «መካነ ብርሃን ስልክ ከጠፋ ወዲህ ፖስታ ቤቱ እኔ ሆኛለሁ» ብሎ ኪሱን አሳየኝ፤ በሙሉ የሰው ደብዳቤ ነው።

አሁን ደግሞ ላኩርፍህ። ሰላምታህ ሁለት መስመር፣ በቧሂት ላይ ያቀረብከው ክስ ግን ሁለት ገጽ! ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለጨዋታ ብለን የጀመርነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዛሬ የትምህርት ቤትህን አሮጌ ኮምፒውተሮች ሊያስነሳ ነው ብዬ ስደሰት፣ አንተ «አሠራሩ ይቅለል» ትለኛለህ። እሺ፣ ምኑ ነው የከበደህ?

ኢሜጁ ሲሠራ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ለምን እንደሚጠይቅ ላልከው መልሱ ይኸውልህ። ለተማሪዎችህም በዚሁ መንገድ ንገራቸው። ኢሜጅ ማለት አንድ ዲስክ እንዳለ በአንድ ፋይል ውስጥ ሲታሸግ ነው። ያ ፋይል ፍላሽ ላይ ተጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ቧሂት ይነሳል። በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች ዝርዝር የሆነው የኔ ስክሪፕት መጀመሪያ አራት ጊጋ የሚያህል ባዶ ፋይል ይፈጥራል። ከዚያ ማሽኑን «ይኼ ፋይል ሳይሆን እውነተኛ ዲስክ ነው» ብሎ ያታልለዋል፤ ይከፋፍለዋል፤ የቧሂትን ፋይሎች ይገለብጥበታል፤ ማስነሻውን ይተክልበታል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንስቶ ፍላሹ ላይ ይጽፈዋል። ማሽን እንዲያታልል የሚፈቀድለት አስተዳዳሪ ብቻ ስለሆነ ነው ፓስወርዱ። አዎ፣ ይረዝማል። ቧሂት ራሱ ከአርባ ሜጋ እንደማይበልጥና የቀረው ባዶ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ይሠራል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሠርቶልኛል፤ የሚሠራ ነገር ለምን ይነካካል?

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። አባባን አልቀበርኩትም። ነሐሴ ላይ ደባርቅ ድረስ መጥቼ፣ ከዚህ ወዲያ መኪና አያልፍም ተብዬ መመለሴን ታውቃለህ። ደባርቅ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ፣ ስሙን ያወጣንበትን የቧሂት ተራራ ዳመና ሸፍኖት፣ በዚያ ሰዓት አባቴ ጉድጓድ እየወረደ መሆኑን አስብ ነበር። አሁን ጽጌ ገብቷል። ቅዳሜ ለእሑድ ከቁስቋም የማኅሌቱ ድምፅ ቤቴ ድረስ ሲመጣ ጆሮዬን እይዛለሁ፤ የማኅሌት መምህር የነበረው የአባባ ድምፅ ከመካከላቸው የለማ!

ስለዚህ አንተ ተማሪው ሁለት ዓመት በስልክህ የቀዳኸው የአባባ ዜማ ለኔ ከማንኛውም ውርስ በላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬዋለሁ ብለኸኝ ነበር። ቅጂውን በካሣዬ ላክልኝ። የካቲት ላይ ለመንፈቁ እዚህ ያሉትን ዘመዶች ሰብስቤ ላሰማቸው አስቤያለሁ። ቀብሩ ላይ ያልነበርን ሰዎች እንኳ ድምፁን ሰምተን እናልቅስለት።

እህትህ ኤሌኒ

*

መካነ ብርሃን
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኤሌኒ፤

እያኮረፍሽም ቢሆን ስለጻፍሽልኝ ደስ ብሎኛል። በካሣዬ ረዳት እጅ የላክሽው ቁራጭ ወረቀትም ደርሶኛል። የጠየቅሽኝን በየተራ ልመልስልሽ።

እናትሽ እማማ እጅጋየሁ ይበላሉ። ቢያንስ እኔ ፊት ይበላሉ። ብርዱ ስለጠና ከቤት የሚወጡት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነው። የዘንድሮውን መሬት ለአያ ዓለምነው በእኩል ሰጥተዋል፤ ገብሱ ክፉ አይደለም። የአባትሽ የየኔታ ተማሪዎች ግን ከሁለቱ በቀር ተበትነዋል። ጉባኤ ቤቱ ተዘግቶ በሩ ላይ እንጨት ተጋድሞበታል። እዚያ ሳልፍ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

በቁራጩ ወረቀት ቀብሩን በድጋሚ ንገረኝ ብለሻል። ዝናብ ነበር። ሰው ግን ሞልቶ ነበር፤ ከወዲያኛው ሸለቆ ሳይቀር ካህናት በእግራቸው መጥተዋል። እማማ «ልጄን ጠብቁልኝ» ሲሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተጠበቀ። ከዚያ በላይ አልተቻለም። ይኼን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመነታሁ፤ ከጠየቅሽኝ ግን አልደብቅሽም።

የየኔታን ድምፅ በተመለከተ፣ ማሽኑ ትንሽ ችግር አለበት። መብራትም እንደ ልብ አይገኝም። ፍላሽም የለኝ። ታገሺኝ።

ስለ ቧሂት ግን ልታገሥሽ አልችልም። ኤሌኒ፣ እባክሽን፣ ይኼን ስክሪፕት ሁለተኛ ሥራ ላይ አታውይው። ኢሜጁ ፋይል ሆኖ ይቅር። ወደ ፍላሽ የሚጽፈውን መስመር ከውስጡ አውጪው፤ ሰው ራሱ የሰካውን አይቶ ይጻፍ። ለአርባ ሜጋ ነገር አራት ጊጋ ባዶ ምን ያደርጋል? ፓስወርዱንም አስቀሪው። አስተዳዳሪ የሆነ ስክሪፕት የፈለገውን ዲስክ መንካት ይችላል። ዳባት ለሚያስተምረው ለሰውአገኝ ልትልኪለት እንደሆነ ሰምቻለሁ። አትላኪለት። አሠራሩን ሳትለውጪ ለማንም አትስጪ።

ይኼን ያህል ለምን እንደምጨቀጭቅሽ አትጠይቂኝ።

ላቀው

*

ጎንደር
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፣ ደህና ነህ?

ፍላሽ የለኝም ስላልክ ሁለት ፍላሽ ልኬልህ ነበር። ካሣዬ በእጅህ መስጠቱን ምሎልኛል። ሁለቱም ወደኔ አልተመለሱም። የመጣልኝ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ እሱም ስለ አባባ አንድ ቃል የለበትም። ማሽኑ ችግር አለበት፣ መብራት የለም፣ ፍላሽ የለኝም። አንተ እንኳ ከድሮም አንድ እውነተኛ ምክንያት ሲኖርህ እሱኑ ተናግረህ ዝም የምትል ሰው ነበርክ። ሦስት መደርደር ከየት ተማርክ?

በግማሽ ገጹ የጠየቅኸኝ ደግሞ አስገርሞኛል። ሁለት ዲስክ ባለው ማሽን ላይ ስክሪፕቱ ምን ያደርጋል አልከኝ? እናንተ ወረዳ ጃናሞራ ውስጥ ሁለት ዲስክ ያለው ማሽን ከወዴት መጣ? የኔ ላፕቶፕ ያለው አንድ ዲስክ ነው። ፍላሽ ስሰካበት ሁለተኛ ሆኖ ይመጣል። ስክሪፕቱም «ሁለተኛው ላይ ጻፍ» ይላል፤ በቃ። ከዚያ በፊት ደግሞ በጨዋ አማርኛ «ይቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ያለ ሰው ኃላፊነቱን ራሱ ይውሰድ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ተናድጃለሁ። ተናድጄም ስክሪፕቱን ለሥራ ባልደረባዬ ለሐምዛ አሳየሁት፤ እንዲያመሰግነኝ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ሳቀብኝ። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ክፍል ቤት ለመሥራት ሰፈሩን በሙሉ ጠርገሽ ትጀምሪያለሽ?» አለኝ። ፋይል ውስጥ ለመጻፍ ማሽኑን ማታለል ለምን እንዳስፈለገኝ ጠየቀኝ። አንተን ስከራከርህ ከርሜ ለእሱ ግን አመንኩለት።

ስለዚህ በሁለታችሁም እልህ ይዞኝ እንደገና መሥራት ጀምሬያለሁ። ማታለሉ ቀርቶ እያንዳንዱን ነገር በፋይሉ ውስጥ በየቦታው ቀጥታ የሚጽፍ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ማስነሻው እዚህ፣ የፋይሎቹ ማውጫ እዚህ፣ ፋይሎቹ ከዚህ ጀምሮ፤ ሲያልቅ ያቆማል። እስካሁን አንድ ሦስተኛው ሠርቷል። ለሰውአገኝም አልላክሁለትም፤ ስለለመንከኝ ነው።

ግን እኔም ለምኜህ ነበር። ሌላ ነገር ደግሞ ወደ ልቤ ይመጣል፤ ከምደብቅህ ልጻፈው። የሊቃውንትን ዜማ ቀድተው ዩቱብ ላይ እየጫኑ የሚነግዱ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የአባባን ለሌላ ሰው ሰጥተኸው ይሆን? ሰጥተኸው ከሆነም ንገረኝ። አልቆጣህም ማለት ግን አልችልም።

ኤሌኒ

*

መካነ ብርሃን
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

(እማማ እጅጋየሁ የነገሩኝን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። ላቀው)

ይድረስ ለልጄ ለኤሌኒ። እንዴት ነሽልኝ? በርትተሻል? እኔ ሸጋ ነኝ፤ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ። ጥምቀት ሸጋ ሆኖ ዋለ። ታቦቱ ሲወርድ ሰዉ እልል ሲል እኔ አባትሽን ፈልጌ ዓይኔ ከካህናቱ መኸል ዋተተ። አንዱ ጥምጣሙን እንደሱ አርጎ ጠምጥሞ ልቤን አስደነገጠኝ።

ምነው ልጄ፣ ላቀውን ትቆጭዋለሽ? አንቺ የጣፍሽውን እሱ አልነገረኝም። እኔ ነኝ ፊቱን አይቼ ያወቅሁት። ደብዳቤሽ ከደረሰው ወዲህ እህል አይቀምስም። ከሳ ልጁ። ተው ብላ ብለው በልቻለሁ ይለኛል።

እኔም ድምጡን አሰማኝ ብየ ለምኘው ነበር። ማሽኑ ታሟል ይለኛል። እስቲ አንቺ የማሽን ሐኪም ነሽና መድኃኒቱን ላኪለት። ማሽን ይሄን ያህል ጊዜ ይታመማል? አባትሽ እንኳ የታመመው ሁለት ወር ነው። እኔ ደግሞ ማታ ማታ አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ ድምጡ እየራቀኝ ነው። መልኩ አለ፤ ድምጡ ግን እየሸሸኝ ነው። ይሄን ፈራሁ።

ይሄን ሲጥፍ እንኳ ቀና ብሎ አያየኝም። ይሄንም ጣፈው ብየዋለሁ። አልጥፍም አለኝ፤ ጣፍ አልሁት።

በሉ ደህና ሁኑ። መንገዱ ሲከፈት ነይልኝ። ዝናሽ የጎረቤታችን ልጅ ወልዳለች፤ ወንድ ነው።

እናትሽ እጅጋየሁ

ያሉትን ሁሉ ጽፌያለሁ። ከራሴ የምጨምረው የለም። — ላቀው

*

ጎንደር
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፤

ሰላምታ አልጽፍም።

አዲሱ አሠራር ትናንት አለቀ። አንድ ኮማንድ ነው፤ ፓስወርድ የለውም፤ ኢሜጁ አርባ አንድ ሜጋ ነው፤ የትኛውንም ዲስክ አይነካም። ሐምዛ «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ ጨበጠኝ። እኔም ደስ ብሎኝ የድሮውን ስክሪፕት መስመር በመስመር እያየሁ መሰረዝ ጀመርኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «ሁለተኛው ላይ ጻፍ» ይላል።

ያን ጊዜ የእማዬ ቃል ትዝ አለኝ። ማሽኑ ታሟል። የአንተም ጥያቄ ትዝ አለኝ። ሁለት ዲስክ ባለው ማሽን ላይ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛውን ዲስክ የገጠምከው ለአባባ ድምፅ ነበር፤ አይደለም? ፍላሹ ሦስተኛ ሆኖ መጣ። ስክሪፕቱ «ይቀጥል?» ሲልህ፣ የኤሌኒ እጅ የጻፈው ነው ብለህ አምነህ አዎ አልክ።

ሐምዛ ውኃ አምጥቶልኛል፤ አልጠጣሁም። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ዲስክ ይኖር ይሆን ብሎ የማይጠይቅ መስመር። በዓለም ላይ ያለው ማሽን ሁሉ የኔ ላፕቶፕ ይመስል! ሁለት ዲስክ ከወዴት መጣ ብዬ ስቀልድብህ አንተ ምን እያሰብክ አነበብከው? ይኼን ሁሉ እኔ ልሸከመው። ከመስከረም፣ ክስህን ከጻፍክበት ጊዜ ጀምሮ ዝም ማለትህን ግን ማን ይሸከመዋል? በየደብዳቤው ስለምንህ ዝም። እናቴ ስትለምንህ ዝም። መንፈቁ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዘመድ ጠርቻለሁ፤ ድምፁን ታሰሚናለሽ ብለው ከአዘዞ ሳይቀር የሚመጡ አሉ። ምን ልበላቸው?

አሁን የምጠይቅህን በጥንቃቄ መልስ። ዲስኩ የት ነው? ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር ጽፈህበታል? ፎርማት አድርገኸዋል? ለጠጋኝ ሰጥተኸዋል? ካልነካኸው አሁንም እንዳትነካው፤ ኤሌክትሪክም ላይ አትሰካው። የኔ ስክሪፕት የጻፈው አራት ጊጋ ድረስ ነው። የፋይሎቹ ማውጫ መጀመሪያው ላይ ስለሆነ ጠፍቷል። ከአራት ጊጋ ወዲያ የተቀመጠ ድምፅ ካለ ግን፣ ማውጫም ባይኖረው፣ እየለቀምኩ ላወጣው እችል ይሆናል። ሁሉም በአንድ ላይ ምን ያህል ነበር?

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። አርባ ሜጋውን ጽፎ ቢያቆም ኖሮ፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም በተረፈ ነበር። የአባባን ድምፅ ያጠፋው ቧሂት አይደለም። ባዶው ነው። እኔ ለማስላት ሰንፌ «አራት ይብቃው» ብዬ የጻፍኩት ባዶ።

አዲሱን ሥራ በዚህ ፍላሽ ላይ ልኬልሃለሁ። ተጠቀምበት። መልስህን በመጀመሪያው መኪና እጠብቃለሁ።

ኤሌኒ

*

መካነ ብርሃን
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሌኒ፤

መንገዱ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ስለነበር ነው የዘገየሁት። በዚህስ እመኚኝ፤ ካሣዬን ጠይቂው።

ዲስኩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥቶልሻል። በነጠላ ጠቅልዬዋለሁ፤ ካሣዬም ከመቀመጫው ሥር ሳይሆን ጭኑ ላይ አድርጎ እንዲያመጣው ለምኜዋለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ አልነካሁትም። ያን ዕለት ነቅዬ ከመጽሐፎቼ ኋላ አስቀመጥኩት። ጠጋኝ ዘንድ ልወስደው ደባርቅ ድረስ አስቤ ነበር፤ ሰው እጅ ሲገባ የባሰ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አንቺ ዘንድ ልልከው ደግሞ ምን ብዬ ልላከው? በየሳምንቱ ደብዳቤ እጀምርና እቀደዋለሁ። አባትሽን ሳትቀብሪ ቀረሽ። አሁን ደግሞ ድምፃቸውን እኔ ቀበርኩት ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

የጠየቅሽኝ መጠን፣ በአምስትና በስድስት ጊጋ መካከል ነበር። ስልኬ ሲሞላ ወደ ዲስኩ እያዛወርኩ ከስልኩ አጠፋለሁ። ስለዚህ ሌላ ቅጂ የለም። የመጀመሪያዎቹ የኔታ ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው፣ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ ለኔ ብለው የዘመሩት ነው። የሞላው ዝማሬ እዚያ ነበር። የመጨረሻዎቹን እኔም አልሰማኋቸውም፤ ስልኩን ከመደቡ ጥግ ላይ ትቼ ክፍሌን ለማስተማር እሄድ ነበር። ምን እንዳለባቸው አላውቅም። ይኼን የምነግርሽ ብዙ ተስፋ እንዳታደርጊ ነው።

ለሌላ ሰው ሰጥተኸው ይሆን ላልሽኝ አልመልስም። ሌላው ሁሉ ይገባኛል፤ እሱ ግን አመመኝ። የኔታ ሀሁ ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው።

ለእማማ እጅጋየሁ ነገርኳቸው። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ፣ ሳልቀመጥ፣ ቆሜ ነገርኳቸው። ጥጥ እየፈተሉ ነበር። እንዝርቱን አስቀመጡት። «ምነው እስተዛሬ ብቻህን ተሸከምኸው?» አሉኝ። ከዚያ ቁጭ በል ብለው እህል አቀረቡልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱን አሠራር ሞክሬዋለሁ። አንድ ኮማንድ ጻፍኩ፤ ኢሜጁ ወዲያው ወጣ። ፓስወርድ አልጠየቀኝም። «ይቀጥል?» አላለኝም። ፋይሉን በእጄ፣ ፍላሹን አረጋግጬ፣ ጻፍኩት። ስምንቱም ኮምፒውተሮች ተነሱ፤ ልጆቹ ስማቸውን በፊደላቸው ሲጽፉ ክፍሉ በጩኸት ሞላ። እኔ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ደስታው እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ አልመጣልኝም።

ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ላቀው

*

ጎንደር፣ ቁስቋም
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለላቀው፤

ጤና ይስጥልኝ። እማዬንም ሳምልኝ።

ዲስኩ በደህና ደረሰ። ካሣዬ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው የሰጠኝ። መጀመሪያ ግልባጩን ወሰድኩ፤ ከዚያ በኋላ ዋናውን አልነካሁም፣ በግልባጩ ላይ ብቻ ሠራሁ። አራቱ ጊጋ እንዳልኩህ ነው። ከቧሂት አርባ ሜጋ በኋላ እስከ ጫፍ ዜሮ።

ከዚያ ወዲያ ባለው ላይ ሳምንት ሙሉ ለቀምኩ። አብዛኛው ቁርጥራጭ ነው፤ ሲከፈት ይንሻሻል እንጂ ቃል አይወጣውም። ሦስት ፋይል ግን ሙሉ ሆኖ ወጣ። አንደኛው ስልኩ ሳይጠፋ ተረስቶ ዝናብ የቀዳበት ነው። ሁለተኛው የአንተ ድምፅ ነው፤ «ይቀዳል እንዴ ይኼ ነገር?» ትላለህ፤ ከዚያ ይቋረጣል። ሦስተኛው ረጅም ነው። እሱን ቢሮ መክፈት አልፈለግሁም። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ቤቴ በሩን ዘግቼ ሰማሁት።

ጉባኤ ቤቱ ነው። ተማሪ ያዜማል። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። የአባባን ድምፅ ጠበቅሁ። አንዱ ተማሪ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሳል ሰማሁ፤ ሳሉን አወቅሁት፤ እሱ ነው። እዚያው ተቀምጧል፤ ያዳምጣል፤ አያዜምም። ለካ መጨረሻ አካባቢ ትንፋሽ ስላጠረው ተማሪዎቹን ብቻ ያስዜም ኖሯል። ይኼን ማንም አልነገረኝም። እማዬም አልነገረችኝም፤ እንዳልሰጋ ብላ ይሆናል።

ስለዚህ ላቀው፣ የአባባ ዜማ የለም። አንድም መስመር አልተረፈም። ይኼን አንተም እማዬም ከኔ እንድትሰሙት ብዬ ነው በግልጽ የምጽፈው።

ለመንፈቁ የመጡትን ዘመዶች አባብዬ ሸኝቻቸዋለሁ። ማሽኑ ታሟል አልኳቸው። የአንተን ውሸት ተውሼ ነው፤ ከአፌ ሲወጣ እንዴት ቀላል እንደሆነ ገባኝ። ያን ያህል ወር እንዴት እንደኖርክበት ግን አልገባኝም።

ይቅርታ ጠይቀኸኛል። ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ብጽፍ ዛሬ ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ በመካከላችን በዝቷል። ልቤ ገና ነው። እኔ ግን ዜማውን ሰጥተኸው ይሆናል ብዬ ለጠረጠርኩህ ይቅር በለኝ። ያን ስጽፍ የማላውቀው ሰው ሆኜ ነበር። ስክሪፕቱ የኔ መሆኑን እያወቅህ አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» አለማለትህንም አይቻለሁ።

ለፋሲካ መንገድ ከተከፈተ እመጣለሁ። ያችን ሦስተኛ ፋይል ለእማዬ በእጄ አሰማታለሁ፤ በካሣዬ አልክም። ምን እንዳለባት ለሷ አትንገራት። ለአንተ ግን ልንገርህ።

መሀል ላይ አንድ ተማሪ ይሳሳታል። እኔ ስህተቱ አልታወቀኝም። መቋሚያ ወለሉን መታ። ከዚያ አባባ ተናገረ። «አይደለም፤ ድገም» አለ። ቁጣ የለበትም፤ ደከም ያለ ነው፤ ግን የሱ ነው። ልጁ ደገመ። እንደገና መቋሚያው። «አይደለም፤ ድገም።» ፋይሉ ውስጥ ያለው የአባቴ ቃል ይኼ ብቻ ነው።

ታውቃለህ፣ አባባ እኔን አስተምሮኝ አያውቅም። ሴት ልጅ አቋቋም አትማርም፤ እኔም ጉባኤ ቤቱ ደጃፍ ላይ ምሳቸውን አስቀምጬ እመለስ ነበር እንጂ ገብቼ አልተቀመጥኩም። አንተን፣ የነ አያ ዓለምነውን ልጆች፣ ከሩቅ አገር የመጣውን ሁሉ «አይደለም» ብሏል። እኔን ግን ጎበዝ፣ ሸጋ፣ የኔ ልጅ ብቻ ነበር የሚለኝ። ትምህርቴን ያወድሳል፣ ሥራዬን ያወድሳል፣ ቧሂት ምን እንደሆነ ሳይገባው ያወድሳል። ያን ጊዜ ፍቅር መሆኑን እንጂ ሌላ አላሰብኩም። አሁን ግን ያን ልጅ ቀናሁበት።

ትናንት እንደገና ከፈትኩት። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ተማሪው ሲጀምር አብሬው ጀመርኩ። ቃሉን በከፊል እንጂ አላውቀውም፤ ዜማውን እየተከተልኩ፣ ድምፄን ጎረቤት እንዳይሰማኝ ዝቅ አድርጌ። እሱ የሳተበት ቦታ ስንደርስ እኔም አብሬው ሳትኩ። መቋሚያው ወለሉን መታ።

አባባ «አይደለም፤ ድገም» አለን። ደገምን።

ኤሌኒ